ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ሣጥን

«ዶክተር፣ የትኛውን ዳክ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከተማሪዎቼ ደጋግሞ ደርሶኛል። ዳክ የሚሉት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ውስጥ በቁጥር መልክ የተቀመጠውን ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ ለአምፕሊፋየር የሚያቀብለውን ዲጂታል-አናሎግ ቀያሪ ነው። ለቤት አገልግሎት የሚሸጠው በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ዋጋው ከ10 የአሜሪካ ዶላር በታች ተነሥቶ እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል። በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ እንዲህ ያለ የዋጋ ልዩነት ሲታይ ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ሊጠራጠር ይገባዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ለቤት ማዳመጫ ውድ ዳክ መግዛት ለአብዛኛው ሰው ገንዘብን ያለ ቦታው ማፍሰስ ነው። የድምፃችን ጥራት የሚበላሸው ቁጥሩ ወደ ሞገድ በሚለወጥበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። የግድ ሣጥን ይገዛ ከተባለ ደግሞ፣ ድምፅ ማውጣት ብቻ ሳይሆን ማስገባትም የሚችለው፣ በተለምዶ «ሳውንድ ካርድ» የሚባለው ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ። ምክንያቴን በኋላ እመለስበታለሁ፤ በቅድሚያ ግን ሣጥኑ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት።

ከሙከጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ ሰው የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ግድ ይለዋል። የዚያን መንገድ ወጣ ገባነት በወረቀት ላይ ለመሣል ብንፈልግ በየ100 ሜትሩ እየቆምን ከፍታውን እንመዘግባለን እንበል። የተመዘገቡትን ነጥቦች ያየ ሰው «በነጥቦቹ መካከል ያለው መሬት ጠፍቷል» ብሎ ሊሟገት ይችላል። ይሁን እንጂ የመሬቱ እጥፋት ሁሉ ርዝመቱ ከ200 ሜትር በላይ እንደሆነ አስቀድመን ካወቅን፣ በነጥቦቹ ውስጥ ሊያልፍ የሚችለው መስመር አንድና አንድ ብቻ ነው። በመካከል ያለውን ሁሉ በስሌት መልሰን ማግኘት እንችላለን እንጂ የጠፋ ነገር የለም። ይህ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ኮቴልኒኮቭ በ1933፣ ሻነን ደግሞ በ1949 በየፊናቸው የደረሱበት የናሙና ቲዎረም ነው።

ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1980 የተስማሙበት የሲዲ ደረጃ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይወስዳል። በመሆኑም እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ሞገድ ሁሉ መያዝ ይችላል። የጤናማ ወጣት ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ጆሮ ግን ከዚያ በብዙ ዝቅ ይላል። በማስታወቂያ ላይ ዲጂታል ድምፅ እንደ ደረጃ የተሰባበረ መስመር ተደርጎ ሲሣል የምናየው ስለዚህ አሳሳች ነው። ከዳክ ሣጥን የሚወጣው ሞገድ በማጣሪያው ካለፈ በኋላ ደረጃ የለውም።

የናሙናው ከፍታ በስንት ዓይነት ቁጥር ይጻፍ የሚለው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ሲዲ 16 ቢት፣ ማለትም 65,536 የከፍታ እርከኖች አሉት፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል። ሌሊት ጸጥ ያለ መኖሪያ ክፍል በራሱ 30 ዴሲቤል ገደማ ጫጫታ አለው። በዚህ ላይ 96 ቢጨመር ጆሮ ከሚያሳምመው ደረጃ ያልፋል። ክረምት ገብቶ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ምን እንደሚተርፍ ደግሞ በደጋ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ሻጮች ግን በዚህ አያበቁም፤ «24 ቢት»፣ አልፎም «32 ቢት» ብለው በሣጥኑ ላይ ይጽፋሉ። እስቲ እናስላው። የተለመደው የሣጥን ውጤት 2 ቮልት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5.7 ቮልት ገደማ ማለት ነው። ይህን በ24 ቢት፣ ማለትም በ16,777,216 እርከን ብናካፍለው አንዱ እርከን 0.34 ማይክሮቮልት ይሆናል። አንድ ተራ የ1,000 ኦም ሬዚስተር በክፍል ሙቀት፣ በ20,000 ኸርዝ ስፋት ውስጥ፣ በኤሌክትሮኖቹ የሙቀት እንቅስቃሴ ብቻ የሚፈጥረው ጫጫታ 0.57 ማይክሮቮልት ነው። አንድ ሬዚስተር ብቻውን የመጨረሻውን እርከን ዋጠው ማለት ነው። ይህ ጫጫታ ከሙቀት መጠን ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ የመንዝ ውርጭ ከ300 ወደ 280 ኬልቪን ቢያወርደው እንኳ የሚቀንሰው 3 ከመቶ ገደማ ነው። ከምርጦቹ ሣጥኖች በተግባር የሚገኘው 20 ወይም 21 ቢት ያህል ነው፤ ቀሪው በካርቶኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው።

«ስሌቱ ይሁን፤ ጆሮስ ምን ይላል?» የሚል አንባቢ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከሲዲ የላቀ ጥራት ያላቸውን ቅጂዎች በቀጥታና በሲዲ ደረጃ በኩል አሳልፈው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይናገሩ አሰምተዋል። ከ554 ሙከራዎች ትክክለኛ መልስ የተገኘው በ276ቱ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። በለንደን የኲን ሜሪ ዩኒቨርሲቲው ጆሹዋ ሪስ በ2016 የ18 ጥናቶችን ከ12,500 በላይ ሙከራዎች አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር ደግሞ ትክክለኛው መልስ 52.3 ከመቶ ሆኖ አግኝቶታል፤ ሥልጠና ባገኙ አድማጮች ዘንድ ከ60 ከመቶ በላይ ወጥቷል። እንግዲህ ልዩነቱ ፈጽሞ የለም ማለት አልችልም። ሠልጥኖ፣ ተጠንቅቆ፣ በጥሩ መሣሪያ የሚያዳምጥ ሰው አልፎ አልፎ የሚይዘው እጅግ ቀጭን ነገር ነው ማለት ግን እችላለሁ። ለዚያ ነው እንግዲህ የወራት ደመወዝ የሚጠየቀው።

ሙከራውን ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ሁለት ሣጥን ተዋሱ፤ የ50 ኸርዝ ድምፅ አጫውታችሁ በስፒከሩ ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ በቴስተር ለኩ። ርካሹ ቴስተር በዚህ ድግግሞሽ አካባቢ በትክክል ያነባል፤ የተሠራው ለመብራት ኃይላችን ድግግሞሽ ነውና። የሁለቱን ቮልቴጅ በ1 ከመቶ ልዩነት ውስጥ አስተካክሉ፤ ጥቂት ጎላ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» መስሎ ስለሚሰማ ይህን ያልፈጸመ ንጽጽር ዋጋ የለውም። ከዚያ ጓደኛችሁ በሳንቲም ዕጣ እየለዋወጠ 16 ጊዜ ያሰማችሁ። በግምት ብቻ 12 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 2,517 ከ65,536 ነው፤ ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም። የሲዲው የእርከን ቁጥር እዚህም ብቅ ማለቱ አያስገርም፤ ሁለቱም 2 ለ16 ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው።

ከንድፈ ሐሳቡ ወደ ኑሮው ልውረድ። በዓለም ከተማ የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነ ዘመድ አለኝ። በቤቱ ላፕቶፕ፣ ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከሮች አሉት። ውጭ አገር ያለች እኅቱ ዕቃ ልትልክለት ቃል ገብታለት ኖሮ አንድ ዳክ መርጧል፤ ዋጋው የራሱን የብዙ ወራት ደመወዝ ያህላል። «ጋሼ፣ ድምፁ እምም ይላል፤ ይንሿሿል፤ በዚያ ላይ የታፈነ ነው። ይኸ ዕቃ ያስተካክለዋል ይላሉ» አለኝ። ቤቱ ሄጄ አዳመጥኩ። ሦስቱም አቤቱታ እውነት ነበር፤ አንዱም ግን ከዳክ የመጣ አልነበረም።

እምምታው የ50 እና የ100 ኸርዝ ድምፅ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ሲነቅለው ወዲያው ጠፋ። ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ በተለያየ ግድግዳ ሶኬት ተሰክተው ነበር፤ ከቻርጀሩ የሚያመልጠው ጥቂት ጅረት መመለሻ መንገድ ሲፈልግ በድምፅ ገመዱ ሽፋን በኩል ያልፍና ከሙዚቃው ጋር ይቀላቀላል። ሁለቱን በአንድ ዲቫይደር መሰካት፣ ከተቻለም የምድር ሽቦው በትክክል የተዘረጋ ሶኬት መጠቀም፣ ካልሆነም በባትሪ ማዳመጥ በቂ ነው። የምድሩን እግር ቆርጦ እምምታውን ማጥፋት ግን በሕይወት መቀለድ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እናገራለሁ።

መንሿሿቱ ከፋይሎቹ ነው። ሙዚቃውን ያስጫነው ሜሞሪ ካርድ ከሚሞላ ሱቅ ነው፤ ብዙዎቹ ዘፈኖች በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተጨመቁ ኤምፒ3 ናቸው። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል፤ ከ22 እጅ አንዱ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ኤምፒ3ን ያበለጸጉት በጀርመኗ ኤርላንገን የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች፣ የዓለም ከተማ እህት ከተማ ፋተርሽቴተን በምትገኝበት በባቫርያ ግዛት፣ ጆሮ የማይለየውን ብቻ ለመጣል እጅግ ብልህ ዘዴ ቀይሰዋል። ነገር ግን በ64 ኪሎቢት ሲጨመቅ ጆሮ የሚለየውም አብሮ ይጣላል። የተጣለውን የሚመልስ ሣጥን በምንም ዋጋ አይገኝም።

የታፈነው ድምፅ ምክንያት ደግሞ በዓይን የሚታይ ነበር። አንደኛው ስፒከር በቡፌው ላይ፣ ሌላው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጧል። ሁለቱንም አውጥቶ ፊታቸውን ወደ መቀመጫው ሲያዞራቸው የመጣውን ለውጥ የትኛውም ዳክ አያመጣውም። ለማነጻጸር ያህል፣ ደህና የሚባል ርካሽ ዳክ ድምፁን የሚያዛባው ከመቶ የሺኛ ክፍሎች በሚቆጠር መጠን ሲሆን፣ ስፒከር በወፍራሙ ድምፅ ላይ ከመቶ 1 እና ከዚያም በላይ ያዛባል። ክፍሉም የራሱን ይጨምራል። የሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን ይመልሱታል፤ የድሮው የአቡጀዲ ኮርኒስ ግን ከበላዩ ካለው አየር ጋር ሆኖ ቀጭኑን ድምፅ በሚገባ ይውጥ ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ወፍራም ጋቢ መስቀል ብዙዎች የሚስቁበት ምክር ቢሆንም ፊዚክሱ ትክክል ነው።

ታዲያ ዳክ ጨርሶ አያስፈልግም ወይ? አንዳንዴ ያስፈልጋል። ብዙ አዳዲስ ስልኮች የጆሮ ማዳመጫ ጃክ የላቸውም፤ የአንዳንድ ላፕቶፕ ጃክም ከውስጥ የሚለቅመውን ጩኸት ያሰማል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በ9 ዶላር ለገበያ ያቀረበው የጣት ርዝመት ያለው የዩኤስቢ-ሲ ማገናኛ በጥቅሉ ሙሉ ዳክ ሲሆን፣ ሲለካ ጫጫታውና መዛባቱ ከሲዲ ደረጃ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ድምፁ ዝቅ ማለቱ ግን እንከኑ ነው። በመልክ እርሱን መስለው ውስጣቸው ሽቦ ብቻ የሆኑም ስላሉ ከመግዛት በፊት በራስ ስልክ መሞከር ይበጃል።

ከዚህ ከፍ ያለ ለሚፈልግ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው። ሣጥኑ የዩኤስቢን የድምፅ መደበኛ ሥርዓት የሚከተል ይሁን፤ ያኔ ልዩ ሶፍትዌር ሳይጫን ይሠራል። ዊንዶውስ 10 ሁለተኛውን የዚህን ሥርዓት ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በራሱ ያውቀዋል። ለአምፕሊፋየር 2 ቮልት ገደማ ያውጣ፤ የተለካው የጫጫታ ርቀት ከ100 ዴሲቤል ካለፈ ከዚያ ወዲያ ያለው ውድድር ለእኛ ቤት አይደለም። በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው የሣጥኑ የውስጥ ተቃውሞ ከማዳመጫው 1/8 ቢያንስ መልካም ነው፤ ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም መሆኑ ነው። የሰዓቱን መወላገድ እያነሡ የሚያስፈራሩ ሻጮች አሉ። ዛሬ አብዛኞቹ የዩኤስቢ ሣጥኖች ናሙናውን ከኮምፒዩተሩ በራሳቸው ሰዓት እየጠሩ ስለሚቀበሉ ጉዳዩ በተግባር ተዘግቷል። ስለ ወርቅ ቅብ የዩኤስቢ ገመድ የምጽፈው የለኝም።

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። ሣጥኑ ድምፅ ማስገቢያም ይኑረው ያልኩት በየቤታችን በካርቶን ውስጥ የተቀመጡ ካሴቶች ስላሉ ነው። የአገራችን ሙዚቃ ቅጂ ታሪክ ረጅም ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር በሸክላ ተቀድተዋል፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ሸክላዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 በጀመረው «ኢትዮጲክስ» ተከታታይ በኩል ወደ ሲዲ ተሻግረዋል። የዚሁ ተከታታይ 11ኛ ቅጽ የዓለሙ አጋን በገና የያዘ ነው። ለእነዚህ አሳቢ ተገኝቶላቸዋል። በዓለም ከተማ፣ በመሐል ሜዳ ወይም በራቤል በአንድ ቤት በዐቢይ ጾም ሌሊት የተቀዳውን የአንድ አባት በገና፣ የሠርግ ዘፈን ወይም የአያት ድምፅ ግን ማንም አሳታሚ አይፈልገውም። ቅጂው አንድ ነው፤ ያለውም በክሩ ላይ ብቻ ነው። ክሩ በእርጥበት ይሻግታል፤ ይሳሳባል፤ ማግኔታዊው ቅብ ይረግፋል። ካሴቱ ደህና ቢሆን እንኳ ደህና ማጫወቻ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው።

በገናን በተለይ የማነሣው ለመሣሪያ ምርመራ የተፈጠረ ስለሚመስለኝ ነው። 10ሩ የጅማት አውታሮች በብርኩማው ላይ ሲያልፉ ከእያንዳንዳቸው ሥር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲንቀጠቀጥ ቆዳዋን እየነካ ስለሚለቅ ከወፍራሙ መሠረታዊ ድምፅ የተወሰደው ኃይል ወደ ብዙ ቀጫጭን ተከታይ ድምፆች ይከፋፈላል፤ ያ የምንወደው መነዝነዝ ይኸው ነው። በ64 ኪሎቢት ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ መነዝነዝ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የበገና ካሴት በስልክ ማይክሮፎን ቀድቶ፣ ጨምቆ በቴሌግራም ላከና ካሴቱን ጣለው ማለት፣ ከበገናው የቀረው ጥላው ነው።

ካሴት እጅግ ጥሩ ሲሆን ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል የሚደርስ የጫጫታ ርቀት አለው፤ በቢት ሲቆጠር ከ10 አይበልጥም። ስለሆነም ለዚህ ሥራ 16 ቢት ይተርፋል፤ ርካሹ ሳውንድ ካርድም ይበቃል። የሚያስፈልገው ሁለት የመስመር ማስገቢያ ያለው መሆኑ ነው፤ የብዙ ላፕቶፖች ጃክ የሚቀበለው የማይክሮፎን ድምፅ በአንድ መስመር ብቻ ነውና። የማጫወቻውን ራስ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ጥረጉ፤ ክሩን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። በመጠን ማስተካከያው ላይ ጥቂት ቦታ ትታችሁ ቅዱ፤ ያልተጨመቀ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። የ60 ደቂቃ ካሴት 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ64 ጊጋባይት ፍላሽ 100 ካሴት ይገባል። ከእርሱ ለመስማት የተጨመቀ ቅጂ ማውጣት ይቻላል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን አይቻልም።

ለሳይንስ ፋኩልቲዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። በመርካቶ የሚሸጡትን ሣጥኖችና ማገናኛዎች ለመለካት አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድና ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል፤ ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን ሥራ ነው። ውጤቱ በዚህ መጽሔት ቢታተም የዘመዴን የመሰለ ሸማች ከሻጭ ቃል ሌላ የሚያየው ሠንጠረዥ ያገኛል። ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ደግሞ የፋኩልቲውን ሳውንድ ካርድ በውሰት ይዘው ቢሄዱ፣ ከሁለት ወር በኋላ ምን ያህል ካሴት ተገልብጦ እንደሚመጣ ለማየት እጓጓለሁ።

ዘመዴ ለእኅቱ ደውሎ ትእዛዙን ለውጧል፤ በገንዘቡ ትንሽ ሳውንድ ካርድና የተሻሉ ስፒከሮች ይመጣሉ። እስከዚያው የአባቱን ካሴቶች ቁጥር እየሰጠ፣ ማን፣ የት፣ በስንት ዓመት እንደተቀዳ ከእናቱ እየጠየቀ በደብተር ይጽፋል። ካሴቱን ገልብጦ ሲጨርስ እንዳይጥለው ነግሬዋለሁ። ነገ የተሻለ ማጫወቻ ያለው ሰው ከዚያው ክር ላይ እኛ ያላገኘነውን ያገኝ ይሆናል።